«ጋዙ አልቋል» ሲሏችሁ ስለ ዘይቱም ጠይቁ

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ባቆመ ቁጥር የምንሰማት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ጋዙ አልቋል፤ ጋዝ ይሞላ።» እዚህ «ፍሪዮን ኸላስ» ትባላለች፤ አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጅማ ስንገባ ደግሞ በአማርኛ ትደገማለች። ገንዘብ ይከፈላል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ፍሪጁ መልሶ ይቀዘቅዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኮምፕሬሰሩ መንኳኳት ይጀምራል፤ ከዚያ ይግላል፤ በመጨረሻም ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ «ዕቃው አርጅቶ ነው» ይባላል።

ሁልጊዜ እርጅና አይደለም። አሮጌ ማቀዝቀዣ ከፊተኛው የተለየ ጋዝ ሲሞላለት፣ ስለ ዘይቱ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ብቻ የሚሞት ኮምፕሬሰር አለ። ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው። ጋዝ ለማስቀየር ገንዘብ የምትከፍል ማንኛዋም እህት «ዘይቱስ?» ብላ ሳትጠይቅ ቦርሳዋን መክፈት የለባትም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሠራተኛም ዕቃዋን መክፈት የለበትም።

እኔ የፍሪጅ ቴክኒሻን አይደለሁም። የተማርኩት ዐረብኛ ነው፤ የምተዳደረውም በትርጉም ነው። የትርጉም ሥራ ግን ሰው ወደማይጠብቀው ቦታ ይወስዳል። የኮምፕሬሰር መመሪያ፣ የዋስትና ወረቀት፣ የጥገና ደረሰኝ በእጄ አልፏል። በስልክም በአሠሪና በሠራተኛ፣ በሠራተኛና በጠጋኝ መካከል ቆሜ ተርጉሜያለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት መመሪያዎቹ ስለ ዘይት በገጽ በገጽ እንደሚያስጠነቅቁ፣ ሰዎቹ ግን ስለ ጋዝ ብቻ እንደሚያወሩ ነው።

ጉዳዩ ሁለት ዓይነት እህቶችን ይነካል። አንደኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ አገሯ ገብታ ለስላሳ፣ ወተት፣ ሥጋ ወይም አይስክሬም ለመሸጥ ያሰበች ናት። አዲስ ዲፕ ፍሪዘር ሲወደድባት ያገለገለ ታያለች፤ «ጋዙን ቀይረነዋል፤ እንደ አዲስ ነው» ይሏታል። ሁለተኛዋ አሁን በሰው ቤት ያለች፣ ፍሪጁ በተበላሸ ቁጥር ጣት የሚቀሰርባት ናት። ለሁለቱም የምጽፈው አንድ ነገር ነው።

ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም

መጀመሪያ «አልቋል» የሚለውን ቃል እናጥራው። መኪና ቤንዚን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቤንዚን ያልቃል። ፍሪጅ ግን ጋዙን አያቃጥለውም። ያው ጋዝ ከኮምፕሬሰሩ ወጥቶ፣ ከኋላ ባለው ጥቁር ቱቦ ሙቀቱን ጥሎ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ቅዝቃዜ ሰጥቶ፣ መልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመጣል። መንገዱ ዝግ ነው። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት የሚሽከረከር ጋዝ አለ።

ስለዚህ ጋዙ ከጎደለ አንድ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው። ዐረቦቹ «ተስሪብ» ይሉታል። ማፍሰሻውን ሳያገኝና ሳይዘጋ ጋዝ የሚሞላ ሰው በተበሳ እንስራ ውሃ እንደሚቀዳ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የት ነው ያፈሰሰው?» ይሁን። ሁለተኛው ጥያቄ «የምትሞላው ጋዝ ከበፊቱ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ?» ይሁን። ሌላ ነው ካሏችሁ የዘይቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዘይቱ ከጋዙ ጋር ይዞራል

ዘይት የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው፤ «ዘይት» ብትሉ ጠጋኙ ሕንዳዊ ወይም ፓኪስታናዊ ቢሆን እንኳ እዚህ ከሠራ ይገባዋል። በኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ዘይት አለ። በቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሊትር በታች ነው። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያለሰልሳል፤ ሞተሩን ከመጋል ይረዳል።

ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲገፋ ግን ጥቂት ዘይት አብሮት ይወጣል። ያ ዘይት ዙሩን ጨርሶ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። የሚመለሰውም ከጋዙ ጋር ሲዋሐድ፣ ጋዙ ሲያቀጥነውና ይዞት ሲሄድ ነው። ካልተዋሐደ መንገድ ላይ ይቀራል።

ወጥ ቤት የቆመች ሴት ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም። ቅቤ የበዛበት ድስት በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታጠብ ይለቃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲታጠብ ግን ቅቤው ረግቶ በድስቱ ግድግዳና በቧንቧው ላይ ይለጠፋል። በዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ቱቦ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቀዘቅዛል። እዚያ የደረሰ ዘይት ይወፍራል። የሚያቀጥነው ጋዝ ካለ ይመለሳል፤ ከሌለ እንደ ረጋ ቅቤ ይለጠፋል።

ከዚያ ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ይመጣል። ቱቦው ውስጡን ዘይት ስለለበሰ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ዘይቱን ስላጣ ደረቁን ይፋጫል። ማቀዝቀዣው ስለማይበርድ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፤ ሳያርፍ ስለሚሠራም ይበልጥ ይግላል። ጠጋኙ ተመልሶ «ጋዝ አንሶታል» ብሎ ሲጨምርበት ነገሩ ይብሳል።

የትኛው ጋዝ ከየትኛው ዘይት ጋር?

ይህ ነገር ከባድ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ በጋዙ ውስጥ ክሎሪን አለ ወይስ የለም?

የድሮዎቹ ፍሪጆች የሚሠሩት አር-12 በሚባል ጋዝ ነበር። የድሮዎቹ ኤሲዎችና ብዙ የንግድ ማቀዝቀዣዎች ደግሞ በአር-22 ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ክሎሪን አላቸው፤ ክሎሪኑም ከተራው የማዕድን ዘይት ጋር ያስማማቸዋል። ነገር ግን ያ ክሎሪን ከምድር በላይ ያለውን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ ሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ከዓለም ገበያ እንዲወጡ አደረገ። አር-12 በበለጸጉት አገሮች በ1996፣ በታዳጊ አገሮች በ2010 መመረቱ እንዲቆም ተወሰነ።

በምትኩ የመጡት አር-134ኤ፣ አር-404ኤ፣ አር-407ሲ እና አር-410ኤ ክሎሪን የላቸውም። ለኦዞኑ ጥሩ ነው፤ ከማዕድን ዘይት ጋር ግን አይዋሐዱም። ለእነርሱ የተሠራው ፖሊኦልኤስተር የሚባል ሰው ሠራሽ ዘይት ነው፤ ጠጋኞች «ፒኦኢ» ይሉታል።

ሦስተኛ ወገን አለ። አር-600ኤ እና አር-290 የሚባሉት ከማብሰያ ጋዝ ዘመድ የሆኑ ጋዞች ናቸው። ዛሬ በሱቅ የምታዩት አዲስ የቤት ፍሪጅ አብዛኛው በአር-600ኤ ይሠራል። እነዚህ ከማዕድን ዘይት ጋር ይስማማሉ፤ ነገር ግን በእሳት ይያያዛሉ። ለዚህም ነው በኮምፕሬሰራቸው ላይ የነበልባል ሥዕል ያለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን የሚለጠፈው።

ጋዝ መቀያየሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሩዋንዳ ኪጋሊ አገሮች ተሰብስበው አር-134ኤን እና አር-404ኤን የመሳሰሉትን ጋዞች ደግሞ ምድርን ስለሚያሞቁ ለመቀነስ ተስማምተዋል። ስለዚህ ዛሬ የገዛችሁት ማቀዝቀዣ ነገ ሌላ ጋዝ እንዲሞላለት ይጠየቅ ይሆናል። የጋዙን ቁጥር በቃል መያዝ አይጠቅማችሁም፤ ቁጥሩ ይለወጣል። ጥያቄውን መያዝ ግን ይጠቅማል።

በትክክል ሲሠራ ምን ይመስላል?

እንበል አንዲት እህት አገር ቤት የድሮ ትልቅ ፍሪዘር አገኘች። ጀርባው ላይ ያለው ሰሌዳ አር-12 ይላል። ሻጩ «ወደ አር-134ኤ ቀይረነዋል» ይላታል። በእርግጥ መቀየር ይቻላል፤ ሥራው ግን ጋዝ አውጥቶ ጋዝ መክተት ብቻ አይደለም።

ደንበኛው አሠራር አሮጌው ጋዝ ገና ውስጡ እያለ ይጀምራል። አሮጌው የማዕድን ዘይት ከኮምፕሬሰሩ ይወጣል፤ ልኩ ተመዝግቦ በዚያው ልክ ፒኦኢ ይገባል። ማሽኑ ይሠራል፤ በየቱቦው የቀረው አሮጌ ዘይት እየታጠበ ይመጣል፤ እንደገና ይወጣል፤ እንደገና አዲስ ይገባል። የተለመደው መመሪያ ይህ ብዙ ጊዜ እስከ 3 ጊዜ ተደጋግሞ፣ የቀረው አሮጌ ዘይት ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ነው። ከዚያ አሮጌው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል፤ ወደ አየር አይለቀቅም። ፊልተሩ ይቀየራል፤ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበቱ ይወጣለታል፤ አዲሱ ጋዝም በሚዛን ተመዝኖ ይገባል። የአር-134ኤ መጠን ከአር-12 ጥቂት ያንሳል፤ ወደ 90 በመቶው ገደማ ነው። «እስኪበርድ ድረስ» እየተባለ የሚሞላ አይደለም።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። በትልልቅ የንግድ ማሽኖች ላይ ዘይት የሚወጣበት ብሎን አለ። በቤት ፍሪጅና በትንንሽ ፍሪዘሮች ላይ ግን ኮምፕሬሰሩ ዙሪያውን የተበየደ ጥቁር ሣጥን ነው፤ የዘይት መውጫ የለውም። ዘይቱን ለመቀየር ኮምፕሬሰሩን ከቱቦው ቆርጦ፣ አንሥቶ፣ ገልብጦ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ይህን 3 ጊዜ የሚያደርግ ጠጋኝ ስንት አለ? ስለዚህ ትንሽ ፍሪጅ «ከአር-12 ወደ አር-134ኤ ተቀይሯል» ሲሏችሁ «ኮምፕሬሰሩም ተቀይሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአር-134ኤ የተሠራ አዲስ ኮምፕሬሰር ፒኦኢ ዘይቱን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል። ኮምፕሬሰሩ የድሮው ከሆነና ዘይቱም ካልተነካ፣ የተቀየረው ጋዙ ብቻ ነው።

ዘይት መቀየር የማያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ይህንንም እወቁት፤ አለበለዚያ ላልተሠራ ሥራ ትከፍላላችሁ። ከአር-404ኤ ወደ አር-448ኤ ወይም ወደ አር-449ኤ ሲቀየር ሁሉም ከፒኦኢ ጋር ስለሚሠሩ ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ይቆያል። በአር-22 ምትክ የሚገቡ እንደ አር-422ዲ እና አር-438ኤ ያሉ ቅልቅል ጋዞችም የማዕድን ዘይቱ እንዲመለስ የሚረዳ ጥቂት ሃይድሮካርቦን ተደርጎባቸዋል፤ በብዙ ማሽን ላይ አሮጌው ዘይት ሳይቀየር ይሠራሉ። አር-407ሲ ግን በአር-22 ቦታ ሲገባ ፒኦኢ ይፈልጋል። አር-410ኤን በአር-22 ኤሲ ውስጥ መሙላት ከቶ አይሆንም፤ ዘይቱም አይስማማም፣ ግፊቱም ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ቱቦውና ኮምፕሬሰሩ ለዚያ አልተሠሩም።

«የአር-134 ዘይት ነው» ማለት አይበቃም

በገበያ ሦስት ስሕተቶች ይዘወተራሉ።

የመጀመሪያው የመኪና ኤሲ ዘይት ነው። ብዙ መኪኖች በአር-134ኤ ስለሚሠሩ የመኪና ዕቃ መሸጫ «የአር-134 ዘይት» ብሎ ፓግ የሚባለውን ይሰጣል። ፓግ ለመኪና ነው። በፍሪጅ ኮምፕሬሰር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከዘይቱ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ፓግ ደግሞ ኤሌክትሪክን በመከላከል ከፒኦኢ ይደክማል። ከድሮው ጋዝ የቀረ ክሎሪን ሲያገኝም ይበላሻል። «ጋዙ አንድ ስለሆነ ዘይቱም አንድ ነው» የሚል ሻጭ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው የሞተር ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት የሚሠራው በሙቀት ውስጥ ነው። በፍሪዘር ቅዝቃዜ ውስጥ ሰሙ ይረጋል፤ ቀጭኑን ቱቦም ይደፍናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ ምክንያቱም ዘይቱ ትክክለኛው ሆኖ ሳለ ይበላሻል። ፒኦኢ እርጥበት ይወዳል። ጨው ክዳኑ ተከፍቶ ሲያድር እንደሚያረጥበው ሁሉ፣ ክዳኑ የተከፈተ ፒኦኢ ከአየሩ ውሃ ይስባል። ጅዳን፣ ዱባይን ወይም ዶሃን በነሐሴ የምታውቅ ሴት ያ አየር ምን ያህል ውሃ እንደተሸከመ አይነገራትም፤ ከቤት ስትወጣ መነጽር ይጤሳል። ውሃ የጠጣ ፒኦኢ ውስጥ ውስጡን ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ አሲዱም የሞተሩን ሽቦ ይበላል። የቀረው ውሃ ደግሞ በቀጭኑ ቱቦ ጫፍ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል፤ ፍሪጁ አንዴ ይበርዳል፣ አንዴ ያቆማል። የቫኪዩም ፓምፕ ከቱቦው ላይ እርጥበትን ያወጣል፤ ከፒኦኢ ውስጥ ግን ለማውጣት በጣም ይቸገራል። ስለዚህ ዘይቱ ከታሸገ ቆርቆሮ፣ እናንተ እያያችሁ ይከፈት። ከባለፈው ወር ሥራ የተረፈ፣ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ ዘይት አትቀበሉ።

ከዘይት ጋር የተያያዘ አንድ የሕይወት ጉዳይም ልጨምር። ማፍሰሻ ሲፈለግ ቱቦው በናይትሮጅን ይሞከራል። ለብየዳ የያዙትን ኦክስጅን ዘይት ባለበት ቱቦ ውስጥ መክተት ፍንዳታ ያመጣል። እንዲህ ሲያደርግ ያያችሁት ሠራተኛ ካለ ገንዘቡን ተዉትና ከአጠገቡ ራቁ።

እንደዚሁም «አር-134ኤ ተወዷል፤ በአር-600ኤ ልሙላልሽ፤ እሱ ከማንኛውም ዘይት ጋር ይሄዳል» ለሚላችሁ እንቢ በሉ። ዘይቱ ይስማማ ይሆናል፤ ፍሪጁ ግን ለሚቀጣጠል ጋዝ አልተሠራም። መብራቱና ሙቀት መቆጣጠሪያው የእሳት ብልጭታ ሊሰጡ ይችላሉ። ጋዙ ካፈሰሰ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ጣት ሲቀሰርባችሁ

አንድ ጊዜ በስልክ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። የቤቱ ትልቁ ፍሪዘር ጋዝ ተሞልቶለት ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ሥጋውን ሁሉ አበላሽቶ ቆመ። እመቤቲቱ ጥፋቱን በሠራተኛዋ ላይ አደረገችው፦ ሙቅ ድስት አስገብታለች፣ በሩን ክፍት ትታለች፣ ከደመወዟ ይቆረጣል። ልጅቷ በሩን ክፍት እንዳልተወች ብታውቅም «ይቅርታ ማዳም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። ሁለተኛ ጠጋኝ ተጠርቶ መጣና ከፍቶ አየ። በዐረብኛ የተናገረው ይህችን ነው፦ «አዝ-ዘይት ማ ዩናሲብ አል-ጋዝ»፤ ዘይቱ ለጋዙ አይስማማም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ለልጅቷ ሳስተላልፍላት ከመስመሩ ማዶ ዝም አለች። ከዚያ «እንደገና በልልኝ» አለችኝ። ማዳም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ የመቁረጡ ወሬ ግን በዚያው ቀረ።

ሙቅ ድስት ማስገባትና በር ክፍት መተው ጥሩ አይደለም፤ ማሽኑን ያደክማል፣ በረዶ ያስጋግራል፣ ምግብ ያበላሻል። ነገር ግን ጋዝ በተቀየረለት በወራት ውስጥ እየተንኳኳና እየጋለ የቆመ ኮምፕሬሰር ካያችሁ፣ ከበሩ በፊት ጥገናው ይጠየቅ። ይህን በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «ማዳም፣ ባለፈው የመጣው ሰው የምን ጋዝና የምን ዘይት ነበር የሞላው? ደረሰኙ አለ?» ማለት ይበቃል። ጠጋኝ በመጣ ጊዜ ቀኑን በስልካችሁ መዝግቡ፤ ከተፈቀደላችሁ የለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሡ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» የሚል፣ አንብባችሁ ያልተረዳችሁት የዐረብኛ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ማሽኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ የሚሸት ወይም የሚያጤስ ከሆነ ከሶኬቱ ንቀሉና ተናገሩ።

«ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» ለሚሉኝ

አንዳንድ ወንድሞች «ሴቶቹን በከንቱ አታስጨንቃቸው፤ ቴክኒሻኑ ያውቃል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የሚያውቁ አሉ፤ ሥራቸውን አክባሪ የሆኑ፣ ሚዛንና ፓምፕ ይዘው የሚመጡ አሉ። እነርሱ ግን ይህን ጥያቄ አይፈሩትም፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። ጥያቄው የሚከብደው ሳያውቅ ለሚሠራው ነው። ሐኪም ቤት ሄደን «ይህ መድኃኒት ከምወስደው ጋር ይስማማል?» ብለን ስንጠይቅ ሐኪም መሆናችን አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «እኔ ያለ ዘይት ቅያሪ አር-134ኤ ሞልቼ ሁለት ዓመት ሠርቷል» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ቱቦው አጭር፣ ኮምፕሬሰሩ ከታች፣ ዕቃውም ትንሽ ሲሆን ዘይቱ እየተገፋ በከፊል ይመለሳል፤ ዕድል የቀናው ዕቃ ይቆያል። ነገር ግን የአምስት ዓመት ላቧን በአንድ ፍሪዘር ላይ ለምታውል ሴት ዕድል ዋስትና አይሆናትም። ሥጋው ወይም ወተቱ በተበላሸ ቀን የምትከስረው ጠጋኙ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቼ የራሴን አቋም ልናገር። የድሮ የቤት ፍሪጅ በአር-12 የሚሠራ ከሆነ ጋዙን አስቀይራችሁ ንግድ አትጀምሩበት። ከ30 ዓመት በላይ ሊሆነው የሚችል ዕቃ ነው፤ ኮምፕሬሰር፣ ዘይት፣ ፊልተርና ጉልበት ሲደመር ወጪው ወደ ሌላ ዕቃ ዋጋ ይጠጋል፤ መብራቱንም ይበላል። ትልቅ የንግድ ማቀዝቀዣ ከሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ ጤነኛና የዘይት መውጫ ያለው ከሆነ፣ ማስቀየሩ ያዋጣል፤ ግን ዘይቱን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ከሁሉ የሚሻለው ከፋብሪካ የወጣበት ጋዝና ዘይት ያልተነካበት ዕቃ ነው።

በካርጎ ለመላክ ላሰባችሁም አንድ ነገር አለ። በሳዑዲ ዐረቢያ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ ቤቶችም 127 ቮልት አለ። ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ናት። ሰሌዳው ላይ 60 ብቻ የተጻፈበት ፍሪጅ አገር ቤት ሲደርስ ሞተሩ ይዘገያል፣ ይግላል፤ ዘይቱም እንደ ልኩ ላይዳረስ ይችላል። «220-240፣ 50» የሚለውን ሳታዩ አትላኩ።

በጉዞ ላይ የምትይዟቸው ጥያቄዎች

እዚህ ሆናችሁ ስትጠይቁ፦
«ፊ ተስሪብ?» ማፍሰሻ አለው?
«ኤሽ ኖዕ አል-ፍሪዮን?» ጋዙ ምን ዓይነት ነው?
«ኤሽ ኖዕ አዝ-ዘይት?» ዘይቱ ምን ዓይነት ነው?
«ገየርት አል-ፊልተር?» ፊልተሩን ቀይረሃል?
«ሰዌት ፋኪዩም?» ቫኪዩም አድርገሃል?

አገር ቤት ስትገዙ ወይም ስታሠሩ ደግሞ እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ጋዝ ምንድን ነው? አሁን ያለውስ? ኮምፕሬሰሩ የመጀመሪያው ነው? ዘይቱ ሚኒራል ነው ወይስ ፒኦኢ? አሮጌውን እንዴት አወጣኸው? በሚዛን ሞላኸው?» መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስፍር። ማቀዝቀዣው ላይም የጋዙ ስም፣ የግራሙ ልክ፣ የዘይቱ ዓይነትና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይለጥፍ። ነገ ሌላ ጠጋኝ ሲመጣ በግምት እንዳይሠራ የሚያደርገው ያ ወረቀት ነው።

ከስደት ተመላሾችን የምታሠለጥኑና ለንግድ የምታዘጋጁ ወገኖችም አንድ ነገር ብታስቡ እላለሁ። ስለ ብድርና ስለ ሒሳብ አያያዝ ስታስተምሩ፣ ንግዱ የሚቆምበትን ማሽን ሰሌዳ ማንበብንም ጨምሩበት። የግማሽ ሰዓት ትምህርት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ኮምፕሬሰሩ ሳይነድ ጥያቄው ይቅደም።